እንዳይሄድ

ቫልጋ ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣
ዝናብ አባሮኝ እንጂ አላሰብኩም ልገባ።
በሩ ላይ በጠመኔ፦ «ደጋግመህ ምታ፣
ጆሮዬም እንደ እኔው ወጥቷል በጡረታ።»

ካልዮ ይባላል፤ አርባ ዓመት ጠጋኝ።
ሁለት ዩሮ ተቀብሎ፣ በቲኬት ፈንታ አንድ ብሎን ሰጠኝ፤
«ስትወጣ መልስ፤ የአንዳቸው ነው፣ የማን እንደሆነ ጠፋኝ።»

ካውያዎቹ መደርደሪያ ላይ፣ አፍንጫቸው ወደ ግድግዳ፣
እንደ ተቀጡ ልጆች።
የእያንዳንዱ አንገት ላይ ያቃጠለው ጨርቅ ቁራጭ ታስሯል፤
ካልዮ «የሥራ ልምድ» ይለዋል።
ፍሪጁን ስከፍተው፦ ሹራብ፣ ካልሲ፣ የክረምት ኮፍያ።
«ብል አይደርስበትም» አለኝ፤ «ጥሩ ነው ማረፊያ።»

ሁሉም ባንዴ አይበሩም፤ ፊውዙ አይችልም፤
ተራ አላቸው። ሰኞ ማራገቢያው፣ ማክሰኞ የፀጉር ማድረቂያው፣
ረቡዕ ካልዮ ራሱ ያርፋል፤
«ሐሙስ ደግሞ የሄልቪ ነው» ሲለኝ
በሩ ተንኳኳ። አንዴ። በጣት ጫፍ።
እኔ የዝናብ ጠብታ መስሎኝ ነበር።
እሱ ሰማ።

ሄልቪ ሁለት ፎጣ ይዛለች፤ ንጹሕ፣ ተተኩሶ የታጠፈ፣
ሊታጠብ የመጣ።

ማጠቢያው ከድንበሩ ማዶ የተሠራ ነው፤
ልብስ ሲጨምቅ መራመድ ይወዳል።
ባሏ ኢልማር በሕይወት ሳለ ላዩ ላይ ይቀመጥ ነበር፣
ጋዜጣ ዘርግቶ፣
እንዳይሄድ።
ማስታወቂያውን ያነብላታል፣ ድምፁ ከነወንበሩ እየተናጠ፦
የሚሸጥ ጀ-ጀ-ጀልባ፣ የጠፋ ው-ው-ውሻ፤
እሷ በሳቅ ፍርስ ትላለች ከምድጃው ዳርቻ።

በመጋቢት አንድ ሌሊት ኢልማር ሄደ።
እሱንስ ማን ይቀመጥበት?
አዲስ ማጠቢያ ገዛች፤ ድምፅ የለው፣ ንቅንቅ የለው፣
አጥቦ ሲጨርስ በትንሽ ዜማ የሚያስታውቅ።
«ጨዋ ነው» ትላለች፣
እንደ ስድብ።

ካልዮ ሶኬቱን ሰካ።
ማጠቢያው ጉሮሮውን ጠረገ፣ አጉረመረመ፣
ፎጣዎቹን አንከራተተ፣
ከዚያ መጭመቅ ሲጀምር አንድ እግሩን አነሣ።
ወለሉ ላይ የጠመኔ ምልክት አለ፣
በየሐሙሱ የደረሰበት፣ ከነቀኑ፤
የግንቦቱ በሩ አጠገብ ነው።
ልይዘው ተነሣሁ።
«ተወው» አለችኝ ሄልቪ፤ «ገመዱ አጭር ነው፣
የትም አይደርስ።»

ካልዮ ጠመኔውን ይዞ በርከክ አለ።
ከኮቱ ኪስ የተጠቀለለ ጋዜጣ ብቅ ብሎ አየሁ፣
የዛሬ፣ ገና ያልተገለጠ።
አላወጣውም።
የዛሬውን ምልክት አሠመረ፣ ቀኑን ጻፈ፣
ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ።

ዝናቡ አባራ። አውቶቡስ ውስጥ ኪሴን ስዳብስ
ብሎኑ።
እዚያ ቤት አንድ ነገር
በእኔ ምክንያት እንደላላ ነው።