የእንጨቱ ልክ

ሙሐረቅ፣ ጓሮ ለጓሮ፣ ከባሕሩ ጀርባ፣
የተምር ጎተራ አለ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባ።
ወለሉ ቦይ ቦይ ነው፣ እንደ ታረሰ መሬት፤
ጆንያ በጆንያ ላይ ሲጫን፣ በሐምሌ ሙቀት፣
የተምሩ ማር በገዛ ክብደቱ፣ ማንም ሳይጨምቀው፣
በቦዩ ይወርድ ነበር፣ ማሰሮው ወደሚጠብቀው።

ዛሬ ባዶ ነው። እኔ መሰላል ላይ፣
አንገቴን ሰብሬ ወደ ጣራው ሳይ፣
ወጋግራው ጨንደል ነው፣ የባሕር ዳር እንጨት፣
ቀጥ ያለ፣ ቀላ ያለ፣ ምስጥ የፈራው አጥንት።
ሚስማር አልነካውም፤ በተምር ገመድ ነው
እንደ ጠፍር አልጋ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረው።

«ክፍሉ ለምን ጠበበ?» አልኩት ኡስታ ጁማዕን፤
ሳቀና ዘረጋው፣ የተጣመመ ክንዱን፦
«ግንበኛው አልለካም፤ የለካው ዛፉ ነው።
እንጨቱ እስከደረሰበት ድረስ ነው ቤት የሆነው።
ከዚያ ማዶ ሰማይ ነው።»

መሐንዲሱ መጣ፣ ቢጫ ቆብ አጥልቆ፣
«ብረት ይግባበት» አለ፣ ከበሩ ሳያልፍ፣ ርቆ።
ኡስታ ዝም አለ፤
ጭኑ ላይ አድርጎ ገመዱን ፈተለ።

የበሰበሰውን ሳወርድ፣ ጫፉ ላይ አየሁት፣
የመጥረቢያ ጥርስ፣ ዘመን ያላዳነው ቁስለት፤
ከግራ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ምት።
ቆራጩ፣ እንደኔው፣ በግራው ነው ያነሳት።

ከየትኛው ወንዝ አፍ፣ ጭቃው ወገቡን ይዞት፣
ስንት ቀን፣ ማን ከፍሎት፣ ማን በስሙ ጠርቶት?
እኔ በልጅነቴ ግራ እጄ በአርጩሜ ሲመታ፣
እዚህ ሰው አገኘሁ፣ እጁ የተፈታ።

አዲሱን ሰቀልነው። የአሮጌውን ጫፍ ግን ክንድ ያህል ቆርጬ፣
ከሰሌኑ በላይ፣ ከጭቃው ሥር አስቀምጬ
ወረድኩ። ጎብኚ መጥቶ፣ ቀና ብሎ ቢቆጥራቸው፣
ሠላሳ ሁለት ይላል።
ሠላሳ ሦስት ናቸው።