የገንዘቡ ምንጭ

«እንድሪስ!» ብል ከመስኮቴ ስድስት አንገት ዞረ፤
ኮምቦልቻ በስም አትሰስትም፣ አንዱ ስም መቶ ቤት አደረ።
«እንድሪስ ይመር፣ ከገርባ!» ስል አምስቱ ተቀመጡ፣
አንድ አባት ብቻ በምርኩዝ ወደ መስታወቱ መጡ።

ልካለች መሬም ከጅዳ የሦስት ወር ደሞዝ ጨምቃ፤
ስክሪኑ ግን ቀይ አበራ፤ «ይጣራ» አለ፣ በቃ።

አምና እንዲህ አልነበረም።
በማላውቀው ከተማ፣ በተወለወለ ጠረጴዛ፣
ውሃቸውን እየተጎነጩ፣ በጸጥታ፣ በለዛ፣
የአገሬን ስም አነሱ፤
«በሯ ለቆሻሻ ገንዘብ ክፍት ነው» ብለው ወቀሱ፤
በግራጫ ቀለም ጽፈው ለምሳቸው ተነሱ።
ጥቁሩ መዝገብ ገና ነው አሉ፣ ይህ ደጃፉ ብቻ ነው፤
ደጃፉ ላይ ግን የቆመው የአባ እንድሪስ ምርኩዝ ነው።

ቅጹን ዘረጋሁ።
«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መጠየቅ ግድ ሆነና፣
የገንዘቡ ምንጭ ምንድን ነው? ይጻፍ አሉን እንደገና።»

«ምንጭ?» አሉ፣ ጆሯቸውን በመዳፍ ደግፈው፣
«ምንጩማ ደረቀ ልጄ፣ ሰባት ክረምት አለፈው።
ከዋርካው ሥር ነበር፤ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣
አንድ ጠዋት ጀሪካን ይዛ ብትወርድ ጭቃ ሆነ።
መሬም ያን ቀን ነው ‹ልሂድ› ያለች።
ዛሬ የሰው ልብስ ታጥባለች።»

እስክሪብቶዬ ቀዘቀዘ።
የከሰሱን በአጠባ ነው፤ እሷም የያዘችው አጠባ፣
ጣቷ በሳሙና የተላጠ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ፀሐይ ስትገባ።
ታጥቧል ይህ ገንዘብ፣ አዎን። ከዚህ በላይ ስንቴ ይታጠብ?

ከኋላዬ፣ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ፣ ሳቅ ይሰማል፤
መኪናው በሌሊት የሚገባ ነጋዴ ለስላሳ ይጠጣል።
የሱ ቅጽ ምንም አይጎድለው፣ ፊርማው ብቻውን ያኮራ፣
ምንጩም እንደ ጥቅምት ሰማይ የጠራ።

ከመንገዱ ማዶ ደግሞ፣ የስልክ ሽፋን ከሚሸጥበት ጓዳ፣
ሙሄ አለ፤ ያለ ቅጽ፣ ያለ መታወቂያ፣ ያለ ፍዳ፣
ጅዳ ላይ «እሺ» ሲባል እዚህ የሚቆጥር።
አባ እንድሪስም ያውቁታል። «መሬም እምቢ አለችኝ፣
በሕጉ በር ይግቡ አለችኝ።»

ሳጥኗ ጠባብ ናት። «ደርቋል» ብዬ ጻፍኩ፤ ላክሁት።
ከሰዓት መልስ መጣ፦ «ምንጩ አልጠራም።»
አነበብኩላቸው።

አልተቆጡም። ሽርጣቸውን ሰብሰብ አድርገው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡና፣
«የደፈረሰ ምንጭ» አሉኝ፣ «እጅ ሲከቱበት አይጠራም፤
ዝም ብሎ መጠበቅ ነው።»

አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ።
ዘበኛው በሩን ገርበብ አደረገ፤
እሳቸው ግን አልተነሱም።