አንዲት ነጥብ

ከጣቢያችን ጣራ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ፣
አንድ ሰፊ ሳህን ወደ ምዕራብ የሚያይ፤
ወጥ ነክቶት አያውቅም፤ ሲጠብቅ ይውላል፣
በየሩብ ሰዓቱ ከሰማይ ይበላል።

የጮቄን ዳመና በመስኮት ባየውም
ቁመቱን፣ ብርዱን ግን ለኔ አይነግረኝም፤
ሠላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ
ያየው ዓይን ነው እንጂ ሙቀቱን ጠይቆ።
ጀርመን አገር ወርዶ፣ ተለክቶ፣ ታርሞ፣
ተከትፎ፣ ተቆልፎ፣ ሽቅብ ወጥቶ ደግሞ፣
በሌላ ሳተላይት ይወርዳል ከሳህኔ፤
የጓሮዬን ወሬ ባሕር ማዶ ዞሮ ሰማሁት እኔ።

ሰኞ መብራት ጠፋ፤ ሁለት ምስል አለፈኝ።
ጀኔሬተር ሲነሳ ሦስተኛው ደረሰኝ፦
ቢቸና ላይ ነጭ ነው። ነጭ ማለት ብርድ ነው፤
ብርዱ የቁመት ነው፤ ቁመቱ ዝናብ ነው።
ለጥላዬ ደወልኩ፣ ለግብርናው ሰው፦
“አውድማ ላይ ያለ ጤፍ ካለ አልብሰው!”

ደቦው ተበተነ፤ በሬው ተፈታና
ሸራ ተጎተተ፤ ሰው አንጋጠጠና
ጠበቀ።
ጠበቀ።

ማታ ደወለልኝ አያ አንማው ተቆጣ፦
“ደቦዬን በትነሽ አንድ ጠብታ አልመጣ!
የደገስኩትን ጠላ ማን ሊጠጣው?” አለ።
ስልኩን ሳይዘጋው ግን አሳለው፤ ቀጠለ፦
“ከወንዙ ማዶ ነው… የውዴ አውድማ ጎርፍ ሲወስደው ዋለ።”

ካርታውን ገለጥኩት። አንዲት ነጥብ ናት፤
ሦስት ኪሎ ሜትር ነው የአንድ ጎኗ ስፋት።
ወንዙም በውስጧ ነው፤ አንማውም፣ ውዴም፤
ሳተላይቱ አልለየም፤ አልለየሁም እኔም።

መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ “ቢቸና። ዘነበ። ትንበያው ትክክል።”
ውዴ ስልክ የላትም። ይህን የት ልጻፈው?
ሠላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያልከበደው
ቃሌን፣
አንድ ወንዝ አቃተው።