ምን ሽቶ?

ከአንኮበር ቁልቁል፣ ጉልበቴ ሲርድ፣
ጠጠሩ ከእግሬ ሥር፣ ቀድሞኝ ሲወርድ፣
ጃኬቴን አውልቄ፣ ይዤ በብብቴ፣
ብርዱ ከኋላዬ፣ ሙቀቱ ከፊቴ፣
ዓርብ ነው፤ ገበያው፣ ሊበተን ጥቂት ሲቀረው፣
አልዩ አምባ ገባሁ፤ ከሰው እያልኩ ወደ ሰው፣
“የሽቶ ቤቱ የታል?” እያልኩ እየጠየቅሁ፣
በድንጋይ ደረጃ፣ ሁለቴ ወደቅሁ።

አንድ ልጅ መራኝ፣ አገዳ እያላመጠ፣
ለእኔም በጉልበቱ፣ ሰብሮ እየሰጠ።

ሱቁ በሩ አጭር ነው፣ ጎንበስ ብዬ ዘለቅሁ፣
ቀና ስል ከሽታ፣ እስካንገቴ ጠለቅሁ።
ሰንደል ነው? ከርቤ ነው? የረጠበ አደስ?
ወይስ ያረጀ እንጨት፣ ዝናብ ሲያገኘው ድንገት ሲተነፍስ?

ሸምሲያ ከውስጥ፣ ሻሿን አስተካክላ፣
አየችኝ፤ ጫማዬን፤ ቦርሳዬን፤ ደግሞ ጫማዬን፤ ኋላ፦
“ከየት ነህ?” “ከላይ ነኝ፤ ከደብረ ብርሃን።”
“ምን ሽተህ መጣህ ታዲያ፣ በዚህ በሐሩር ቀን?”
“ሽቶ” አልኳት። ሳቀች፦
“ስንቱ ሽቶ መጥቶ፣ ባዶውን ነጎደ፤
ስንቱ ሳይሻ ገብቶ፣ ተቀብቶ ሄደ።”

መደርደሪያው ሞልቷል፣ የዱባይ ጠርሙስ፣
ወርቅማ ክዳን፣ የግመል ሥዕል፣
ጠዋት ቢረጩት ለቀትር የማይደርስ።
“ኪራዬን የሚከፍል፣ እሱ ነው” አለች፣
ከሣጥኑም በታች፣ እጇን ሰደደች —
ቀንድ። የበሬ ቀንድ፣ አፉ በቆዳ የታሰረ፣
ከአያቷ ከጅብሪል፣ ከሚዛኑ ጋር የቀረ።
ሚዛኑም ባንድ ጎን፣ ድንጋዩ ጠፍቶበት፣
አሮጌ ማርትሬዛ ብር ነው የተተካበት።

“በጥርኝ አይሰፈር፣ የጥርኝ ዝባድ” አለች፣
የክብሪት እንጨት ጫፍ፣ ከቀንዱ ነከረች።
“ከከፋ አምጥቶታል፣ ታጁራ ሊልከው፤
ግመሎቹ ሄዱ፣ እሱን ብቻ አስቀረው።
ለምን? እንጃ። ላያቴም አልነገራት፣ ለማንም ሰው።”

አሸተትኩ።
ገማ! ይቅር በለኝ፤ የላብ፣ የሽንት፣ የአውሬ ጎሬ፣
እንባዬ ቀረረ፣ ወደ በሩ ሳፈገፍግ ዞሬ።
እሷ ግን ታየኛለች፣ እንደ ሐኪም፣ በትዕግሥት፦
“ቆይ” አለች፤ “ሲበዛ ይገማል፤ ሲያንስ ነው የሚሸት።
ሰውም እንዲያው ነው… ይህን ያለው አያቴ ነው፤ እኔ አላልኩት።”

በቅባት አቅጥና፣ በጣቷ አሽታ፣
ከእጄ አንጓ ላይ፣ የሰናፍጭ ቅንጣት ታህል፣ አሳረፈችው ለአፍታ።
ከዚያማ…
እንዴት ልበል? አበባ አይደል፤ ማርም አይደል፤
ያልታጠበ የሕፃን ራስ፣ ከፀሐይ የገባ ኮርቻ፣ የሁለቱ መሐል።

“ሽጪልኝ።” “አይሸጥም።” “በፈለግሽው ዋጋ።”
“ቀንዱ ባዶ ከሆነ፣ ይሄ ቤት ሱቅ ብቻ ነው፣ ሲመሽና ሲነጋ።”
አፍሬ አንድ ጠርሙስ፣ የዱባዩን ገዛሁ፣
ግመል ያለበትን፤ ለማን እንደምሰጠው ሳላውቅ፣ በኪሴ ያዝሁ።

ማታ ያን ዳገት፣ በሚኒባስ ስንወጣ፣
ሾፌሩ መስኮቱን ከፈተ፤ ዘጋ፤ ከፈተ፤ ተቆጣ፦
“ማነው ፍየል የጫነ?”
ከኋላ ወንበር ግን፣ አንድ ሽማግሌ፣ አንገቱን አስግጎ፣
በረጅሙ ሳበ፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ሸሽጎ።
አንድም ቃል አልወጣው።

ቤቴ ደርሼ ታጠብኩ፣ በዚያ በረዶ ውሃ፣
ሦስቴ በሳሙና። አለ። አልለቀቀኝም፣ እስከ ንጋት ድረስ አብሮኝ ነቃ።
ወርቅያንጥፉ ጎረቤቴ፣ ጠዋት ደጄ ላይ ቆማ፣
አፍንጫዋን አነሣች፤ “ምን ሽቶ ነው?” አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ።

አንጓዬን አየሁት።
እኔም እሱን ነው የምጠይቀው፦ ምን ሽቶ ነው?