አንዲቷ «በ»

ሙሮስ ወደብ፣ ከመረብ ጠጋኞች መጋዘን ጀርባ፣
ማክሰኞ ማታ፣ ነፋስ በመስኮት ስንጥቅ ሲገባ፣
አምስት ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የሰርዲን ሽታ።
ባሕሩ መቼ ሞልቶ መቼ እንደሚጎድል የሚያሰላ
ፕሮግራም ይጽፋሉ፤ የሁሉም የሆነ፣ ያለ አንድ ጌታ።
ኮዱን የፈለገ ያነበዋል፣ ያረመ ይመልሰዋል፤
ለጀልባው የቸገረው፣ ሳይጠይቅ ይወስደዋል።

መነጋገሪያውን ያመጣችው አንቲያ ናት። የአንድ ኩባንያ ቤት፤
ስህተት የሚመዘገብበት፣ ክርክር የሚከማችበት።
«በነጻ ነው» አለች።
ኡሺዮ፣ የድሮ የመርከብ ራዲዮ ሠራተኛ፣ መነጽሩን አድርጎ
ማንም የማያነበውን ውል አነበበ፣ ገጽ በገጽ በርብሮ።
«ነጻ ነው ወይስ በነጻ?»
በእነሱ አፍ ሁለት ሩቅ ቃላት ናቸው፤
በእኛ ግን አንዲት «በ» ናት፣
ደፍ ላይ እንደ ቆመች በረኛ ፈገግ ብላ የምታስገባ፣
ቁልፉን በኪሷ የያዘች።

አልፈረመም። እርማቱን በጀልባ ቲኬት ጀርባ ጽፎ ያመጣል፤
አንቲያ ትገለብጠዋለች፣ አንዳንዴም ተነጫንጫ፣
«ስንቱን ዘመን በእርሳስ!» እያለች።

ግን ደግሞ ሳቤላ የመጣችው በዚያው በር፤
አሥራ ስድስት ዓመቷ፣ ከስልክ በቀር የሌላት፣ ከላይኛው መንደር።
በጥቅምት፣ ወንዙ ባሕር ሲገባ፣ ቁጥሩ አርባ ደቂቃ እንደሚስት
ያየች እሷ ናት።
በኡሺዮ መንገድ ቢሆን፣ ማን ያውቃት?

በዘጠነኛው ዓመት ደብዳቤ ደረሰ፣ ቅቤ የተቀባ ትሕትና፦
በነፍስ ወከፍ ክፈሉ፤ አለዚያ ከሦስት ወር በፊት የተባለው ሁሉ ይዘጋል።
ኮዱ አለ። «ሰባት ደቂቃ ቀንስ» የሚለው መስመር አለ።
«ለምን» የሚለው ግን ከቁልፉ ማዶ ዋለ።

ኡሺዮ «ብዬ ነበር» አላለም። የጫማ ካርቶን አወጣ፤
ቲኬት በቲኬት፣ ቀኑ የተጻፈበት፣ ጠርዙ በጨው የነጣ።
«ሰባት ደቂቃ፦ ደለሉ ውሃውን ያዘገየዋል» ይላል አንዱ።
የእሱ ብቻ ናቸው ግን። የሳቤላ ቃል የለም።
አምና የሞተው የብራይስ ቀልድ የለም።

ሳቤላ ከትዝታዋ ትናገራለች፣ ኡሺዮ ይጽፋል።
«እርሳሱስ የማነው?» አለች ድንገት።
አዙሮ አየው፤ ጎኑ ላይ የሆቴል ስም አለበት።
«የተሰረቀ ነው» አለና ጫፉን በምላሱ አርሶ ቀጠለ።

የሚዘጋው ሐሙስ ነው።
አንቲያ የባንክ ካርዷን አውጥታለች፤
ጠረጴዛው ላይ ግን፣ ቁጥሩ እንዳይታያት፣ በፊቱ ደፍታዋለች።