የዶሮዎቹ ጣራ

ዘጠኝ ነበሩ ማታ፣ ስታስገባ ቆጥራ፤
ሲነጋ ግን ሁለት፣ አንዷም ክንፈ ሰባራ።
ሰባቱ ጭቃ ላይ ወድቀው ተደርድረው፣
ሥጋቸው ሳይነካ፣ አንገት ተበስተው።
ሚንክ ነች ይላሉ፣ የውኃ ሸለምጥማጥ፣
አንዷን ለመብላት ብላ ሰባት የምትቆርጥ፤
ጸጉሯ ካባ ሊሆን ባሕር የተሻገረች፣
ከሽቦ ቤት አምልጣ ቺሎዌን የወረሰች።

ኤውላልያ አላለቀሰችም።
ሰባቱን ከፖም ዛፉ ሥር አንድ ላይ ቀበረች፣
የስኳሩን ጣሳ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠች።
አሥራ አራት ሺህ ፔሶ።
ደግማ ቆጠረችው። ያው አሥራ አራት ሺህ።

የዶሮ አጥር ካስትሮ ተሠርቶ ይሸጣል፤
ዋጋው ግን ዶሮዋን፣ እሷንም ያስሸጣል።
ፋብሪካው ሲዘጋ፣ ሳልመን ሲበልት የኖረ እጇ
ሥራ ፈቶ ነበር፣ ተቀምጦ ከደጇ።

ባሕሩ ግን ይተፋል፤ ማዕበል የጎተተው
የዓሣ እርባታ መረብ፣ ጥቁር፣ ጨው የበላው፣
አሸዋው ላይ ወድቋል፣ ባለቤት የሌለው።
እርጥቡን ጎተተች፤ ክብደቱ እንደ ሰው።
ለምሰሶ ሉማ፣ መጥረቢያ የሚመልስ፣
ሃምሳ ዓመት ጭቃ ውስጥ ቆሞ የማይበሰብስ።
በሩ? የልጇ አልጋ፣ የሕፃንነቱ፣
ጥርስ ሲያበቅል ያኘከው ይታያል እንጨቱ።
(አቤላርዶ አሁን ፑንታ አሬናስ ነው።
በወር አንዴ ይደውላል፤ ወሩ ሲረዝም፣ በሁለት።)

ዶን ኤሪቤርቶ መጣ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፤
አጥሩን አንዴ ዞረው፣ ምራቁን ተፍቶ።
አንበሳን ያስር ይሆናል ድር ካበረ፤
ሚንክን ግን መረብ መች አስሮ ነበረ!
«በጥርሷ ትበጥሰዋለች። ታች ሽቦ ያሻል፣
አውራ ጣት የማያሳልፍ፣ ዓይኑ የጠበበ ይሻላል።
ቅበሪው ወደ ታች፣ ስንዝር ሳይሆን ክንድ፤
ጫፉን ወደ ውጭ እጠፊው፣ ቆፍራ እንዳትወርድ።»

አሥራ አራቱ ሺህ ሽቦው ላይ አለቀ፤
ምስማሩ ከአሮጌ ጀልባ ተፈለቀቀ፣
ድንጋይ ላይ ተቃንቶ፣ ዝገቱ ተፋቀ።
ቆርቆሮው ከፋብሪካው ነው። ማንም አልጠየቀ።

አራት ቀን ቆፈረች በዝናቡ መሀል።
ጭቃው አካፋዋን ይዞ አልለቅ ይላል፤
ትሰድበዋለች፤ ይሰማታል መሰል፣
ፍስስ ብሎ ይለቃል።
ዶሮ ጭራ ጭራ ካራ ታወጣለች፤
እሷ ግን ቆፍራ ማንኪያ አገኘች፣
የሠርጓን፣ የጠፋውን። «አማቴ ሰረቀች»
ብላ ሃያ ዓመት ያማችበትን።
በቀሚሷ ጠረገችው፤ ወደ መቃብሩ ኮረብታ ቀና ብላ፣
«እንግዲህ ምን ይደረግ» አለች፤ ቀጠለች።

በሦስተኛው ሌሊት መጣች።
ማለዳ ጭቃው ላይ ዱካዋ ይነበባል፤
አጥሩን ሁለቴ ዞሯል፣ ከበሩ ሥር ቆሞ፣
ቆፍሮ፣ ሽቦ ነክቶ፣ ሌላ ጋ ቆፍሮ ደግሞ፤
ከዚያ ወደ ባሕሩ፣ እግር ተከትሎ እግር፣
ምንም እንዳልፈለገ ኩሩ ሰው፣ ሳይዞር።

ማክሰኞ አንዷ ጣለች። እንቁላሉ ሰማያዊ፤
ያገሩ ዶሮ እንዲያ ነው።
ዝናቡ በማያባራበት ደሴት
ሰው ሰማዩን የሚያየው አልፎ አልፎ፣ እጁ ላይ ነው።

ሰኔ ገባ። ወጥ ቤቷ ያፈሳል፤
ድስት እዚህ፣ ባልዲ እዚያ፣ አልጋዋ እግር ሥር ጎድጓዳ ሳህን።
ጠብ። ጠብ።
የዶሮዎቹ ጣራ ግን ጠብ አይልም።
በርጩማዋን ይዛ በልጇ አልጋ በኩል ገባች፣
የተቀቀለ ድንች እየላጠች፣ ልጣጩን እየጣለችላቸው።

ስልኳ ጮኸ።
«ምንድን ነው የሚንጫጫው? እንግዳ አለሽ እንዴ?»
«እንግዳዋስ እኔ ነኝ» አለችው፤ «ቤቱ የነሱ ነው።»
ክንፈ ሰባራዋ ቡትስ ጫማዋ ላይ ወጥታ ተኛች።
ድንቹ አለቀ።
አልተነሳችም።