ከአንገት በላይ

ቡሬ፣ መናኸሪያው ጀርባ፣ ጎሚስታው ጎማ ከሚነፋበት ጎን፣
ስልክ እጠግናለሁ፣ ቀኑን።
ማታ፣ መብራቱ ካልሄደ፣ የቆርቆሮ በሬን ዘግቼ፣
ራስ እገጥማለሁ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ።

ሰዎቼ ስንዝር ተኩል ናቸው፤ ጉልበታቸው ይታጠፋል፤
ጣታቸው ይጨብጣል፤ ዓይናቸው ግን ያፈጣል።
ቦክሰኛ፣ ዋናተኛ፣ እሳት አጥፊ፣
አካሉ ከአንድ ፋብሪካ፣ ራሱ ከሌላ፣
ሲገናኙ ይኮራረፋሉ፣ እንደ ባልና ሚስት ከችሎት በኋላ።

የአንዱ አንገት ይቀጥናል፤ ራሱ ይንገዳገዳል፣ እንደ ሰካራም፤
ፕላስተር እጠመጥምለታለሁ፣ ሁለት ዙር፤ ሦስተኛ አልጨምርም።
የሌላው ይወፍራል፤ ራሱ እንደ ጠበበ ጫማ እንቢ ይላል፤
የፈላ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ፤ ጎማው እንደ አሹቅ ይለሰልሳል።
ከዚያ በአውራ ጣቴ ገፋ፣ ጠምዘዝ፣
ጠቅ።
ለዚያች ድምፅ ስል ነው እንቅልፍ የማጣው።

ጣጣው ቀለሙ ነው።
ጠርሙሱ «የሥጋ ቀለም» ይላል። የማን ሥጋ?
ገበያውን ከጤፍ ተራ በርበሬ ተራ ብመላለስ፣
አንድ ሰው አላገኝም፣ ያንን ቆዳ የሚለብስ።
ስለዚህ እቀምማለሁ። የእኛ ቀለም በአፍ ነው የኖረው፤
ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይ፤ ማን በጠብታ ሰፈረው?
ቀዩ እንዲበስል ስንት ጠብታ ቡኒ ይፈልጋል?
ጠይሙ ቢጫ ሲያንሰው ይታመማል፤ ሲበዛለት ይቀብጣል።

አቶ ውባንተ፣ የባንኩ፣ በፌስታል ጠቅልሎ አመጣ፣
የቦክሰኛ ራስ፣ ጠይም፤ የዋናተኛ አካል፣ የነጣ።
«ፊቱና ደረቱ አንድ ይሁን፤ ስፌቱ ከታየ አልከፍልም!»
ሐሰተኛ ብር የሚለይበትን መብራት ይዟል። ዓይኑን እንኳ አያምንም።

ሦስት ሌሊት ደባለቅሁ። እርጥብ ቀለም ይዋሻል፤
ሲቀቡት ደረት ይመስላል፣ ሲነጋ ግንባር ሆኖ ያድራል።
በራሴ እጅ ልለካ አልኩ፤ የክንዴ ውስጡና ጀርባው
ሁለት ሰፈር ሆነው አገኘኋቸው።
ብሩሹን አስቀመጥኩ። አባቴ መጣብኝ።

ይበልጣል፣ የአይሱዙው። ሃያ ሁለት ዓመት በቆሎ ጭኖ፣
ባሕር ዳር ደርሶ መልስ፣ ግራ ክንዱ ከመስኮት ውጭ ሆኖ።
ቀኝ እጁ ቀይ ዳማ ነበር፤ ግራው ከሰል።
ሸሚዙን ሲያወልቅ፣ ከኮሌታው በታች
ሌላ ሰው ይወጣ ነበር፤ ነጣ ያለ፣ ልጅ እግር፣ ፀሐይ የማያውቀው።
«ግማሽህን የት ጥለህ መጣህ?» ትለው ነበር እናቴ።
«ጂጋ ላይ አወረድኩት» ይላታል።

ሲገንዙት ውሃ አቀባዩ እኔ ነበርኩ።
አጣቢው ዘመድ አልነበረም፤ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ ቆመ፤
«ይህ ሰው ከሁለት ሰው ነው እንዴ የተገጠመ?»
አንገት የተፈጠረው አዙሮ ለማየት ነው ይላሉ።
እኔ አላዞርኩም። ባልዲውን ሞላሁ።

በአራተኛው ሌሊት ቀለሙ ገጠመ። አቶ ውባንተ መብራቱን አበራ፣
ራሱን ወደ ቀኝ አዞረ፣ ወደ ግራ፤
ስፌት አጣ። ትንሽ የከፋው መሰለኝ።
«እጅህ ይባረክ» አለ፣ ብሩን ሁለት ጊዜ እየቆጠረ።
«አሜን፣ ደስ ይበልህ» አልኩት።
ሁለታችንም ከአንገት በላይ።

በተረፈችው ቀለም አንድ የተጣለ አካል ቀባሁ፤
ደረቱን አነጣሁ፤ ግራ ክንዱን ደግሜ ደጋግሜ አጠቆርኩ።
ራስ አላገኘሁለትም። የመጣውን ሁሉ እሞክራለሁ፤
ጠቅ ይላል፤ መልሼ እነቅላለሁ።

እስከዚያው መስኮቱ ጋ አስቀምጬዋለሁ፣ ክንዱን ወደ ውጭ አውጥቼ።
ከስምንት ሰዓት በኋላ ፀሐይ በዚያ በኩል ናት።